የጣቢታ ትንፋሽና የቱታችን ብናኝ

ሰበታ፣ መጋቢት 2008

ውድ ወንድሜ ዘርሁን፣

የጌታ ሰላም ለአንተም ለቤተሰብህም ይሁን። አባትህ ከአልጋ መነሳታቸውን ዳዊት ነግሮኝ ደስ ብሎኛል። ይህን ወረቀት ሆሳዕና ከተማ ድረስ ይዞልህ የሚመጣውም እሱ ነው። ስልክ ብደውል ይቀል ነበር። ቁጥርህን ነካ አድርጌ ትቼዋለሁ። አንተ በስልክ ፈጣን ነህ፣ እኔ ዘገምተኛ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ «አሜን፣ እንጸልይበት» ትለኝና ይዘጋል። ይህ ነገር ደግሞ ከሥሩ ካልተነገረ የሚገባ አይደለም።

የምጽፍልህ ስለ ልጄ ስለ ጣቢታ ነው። አሁንም በልጆች ክፍል የኋላው ወንበር ላይ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ማንም ሂጂ አላላትም፣ ማንም ክፉ አልተናገራትም። ግን እሷ ስትቀመጥ አጠገቧ ያለችው ልጅ ዞር ብላ እናቷን ታያለች፣ እናትየውም በዓይኗ ትጠራታለች። ለትንሣኤ የሚዘምሩት ልጆች ልምምድ ጀምረዋል፣ ጣቢታ ግን የለችበትም። አስተማሪዋን ብጠይቃት መሬት መሬት እያየች «ሽማግሌዎች ይወስኑ ብለን ነው» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ጋ ስሄድ ነገሩ ዞሮ ዞሮ አንተ ጋ ቆመ። ለምን እንደሆነ ሁሉንም ካወራሁህ በኋላ ይገባሃል።

እንዳትቀየመኝ። አንተ ለዚህች ልጅ የጾምከውን ያህል እኔ አባቷ አልጾምኩም። ባለቤቴ ገነት ያረፈች ሰሞን ሽሮ ሠርተህ ከነድስቱ ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ። ጨው ረስተህበት ነበር፣ ሁላችንም ዝም ብለን በላነው። የምጽፈው አንተን ልወቅስ አይደለም። አንድ ነገር ገርሞኝ፣ ሳጣራው ሌላ ነገር ገርሞኝ፣ እንዲህ እያልኩ ሄጄ የደረስኩበትን ላሳይህ ብዬ ነው።

ሳሉ የጀመራት ገነት ካረፈች በኋላ ባለው ክረምት ነው። መጀመሪያ ብርድ መሰለኝ። ከዚያ ደረቷ ውስጥ ጫጩት የገባ ይመስል ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ያቺ ቀጠን ያለች ጤና መኮንን ጀርባዋን አዳምጣ «አለርጂ ይመስለኛል። የት ስትሆን፣ ምን ሲቀርባት ነው የሚነሳባት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ «በጸሎት ሰዓት» ማለት አፈርኩ። «ወደ ማምሻው አካባቢ» አልኳት። ሽሮፕ ጽፋ ሰጠችኝና «ተከታተል፣ አንተ ካልነገርከኝ እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቀውም» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግሯ እኔ የያዝኩት ሽሮፑን ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ ጸሎታችን እንዴት እንደነበር አስታውስ። ከፈረቃ ስንወጣ ቤት ገብቶ ልብስ መቀየር ማለት ሰርቪሱ አመለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር በቀጥታ ከነቱታችን እኔ ቤት እንመጣለን። የታሰረው ጥጥ ተፈትቶ የሚበተንበት ክፍል ውስጥ ስለምንሠራ ቅንድባችን ሳይቀር ነጭ ነው። ቤቴ አንድ ክፍል ናት። እናንተ ስትገቡባት መስኮት ለመክፈት እንኳ እጅ ማሳለፊያ የለም። ጣቢታን መሃል አስቀምጠን እጅ እንጭንባታለን። አንተ ደግሞ ስትጸልይ ሆድህ ስለሚባባ አንስተህ ደረትህ ላይ ልጥፍ አድርገህ በቱታህ ኮት ሸፍነህ ታቅፋታለህ። «በኢየሱስ ስም» ስትል መሳል ትጀምራለች። ድምፅህ በጨመረ ቁጥር ሳሏ ይጨምራል። ከንፈሯ ይገረጣል፣ አንገቷ ሥር ያለው ጉድጓድ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ያን ጊዜ እኛ ምን እናደርጋለን? እንጠጋለን። ይበልጥ እንጠጋለን።

ታዲያ ምን እንበል ነበር? ስሙ ሲጠራ ይነሳባታል። እኛ ባደግንበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። አንተ በቃልህ ተናገርከው እንጂ እኔም በልቤ ብዬዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። እሁድ። እሁድ ስሙ ከጠዋት ጀምሮ ይጠራል፣ በማይክ ይጠራል፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ይጠራል። ጣቢታ ግን ታጨበጭባለች፣ ትዘምራለች፣ ስብከቱ ሲረዝም ታዛጋለች። ይህን ለዳዊት ብነግረው «ሰይጣን እንኳ የሳምንት ዕረፍት አለው። የእኛ አለቃ ይህን ይስማ» ብሎ አሳቀኝ። ሳቅኩና ተውኩት።

ከዚያ የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ መጣ። የአለም ገናው መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ ሰርቪስ ቀረ፣ ፋብሪካውም በሩን ዘጋ። ሰው ሞተ። አከራዬ አዴ ጠጅቱ፣ የወንድሟ ልጅ ቡራዩ ላይ ተይዞ የት እንደታሰረ ሳታውቅ ነበር የምትውለው የምታድረው። ቀያሾች አጥሯ ላይ ቀይ ቀለም የቀቡበት ድንጋይ አሁንም አለ። እኛ መጤዎቹ ደግሞ ከቤት መውጣቱም መቅረቱም እኩል ያስፈራን ነበር። ያን ጊዜ እናንተ በባሕር ዛፉ ኋላ ዞራችሁ በእግር መጣችሁ። አንተ አረንጓዴ ሹራብህን ለብሰህ ነበር። ለአገሩ ጸለይን፣ ለታሰሩት ጸለይን፣ የጎማው ጭስ እንዳይገባ በርና መስኮቱን ዘግተን እስኪመሽ ጸለይን። ጣቢታ አንተ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ደረቷ ላይ ጆሮዬን ባደርግ ጫጩቷ የለችም። አንተ እግርህ ደንዝዞ ፊትህ እየተጨማደደ «ተዋት፣ እግር ነው፣ ይመለሳል» አልከኝ። በበነጋታውም፣ ከዚያ በኋላም እንደዚሁ ሆነ። «ለቀቃት» አልክ። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ ፋብሪካው ተከፈተ። በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ለምስጋና ብላችሁ ከፈረቃ በቀጥታ መጣችሁ። አንተ ከበር ላይ ወደ ላይ ብድግ አድርገህ አነሳሃት፣ አንገትህ ሥር አስገብተህ አቀፍካት። የሆነውን ታውቃለህ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ጥፍሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። እሁድ ደግሞ አንተ በጉባኤው ፊት ቆመህ እያለቀስክ «ወጥቶ ነበር፣ ሰባት ሆኖ ተመለሰ፣ እንጸልይላት» አልክ። የወጣ ርኩስ መንፈስ ሰባት ክፉዎች ይዞ ይመለሳል የሚለውን የወንጌል ቃል ሁሉም ሰው ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ መሆን የጀመረው። አንተ ደግሞ በዚያው ሰሞን የአባትህን መታመም ሰምተህ ሄድክ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን አላየኸውም።

ካንተ መሄድ በኋላ አንድ ቀን አዴ ጠጅቱ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር።

«ያ ኤልቃና፣ ሰዎችህ ያን ሰሞን ምን ሆነው ነበር?» አለችኝ።

«የቱን ሰሞን አዴ?»

«መንገድ የተዘጋ ሰሞን። ጠቁረው መጡ እኮ። ሁልጊዜ ወፍጮ ቤት ያደረ አይጥ ይመስሉ ነበር፣ ያን ሰሞን ሰው መሰሉ።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ መሃል ላይ ቆመ።

«እኔስ አዴ?»

«አንተማ ከሁሉም ነጭ ነህ። ሚስትህ ብትኖር በሩን አታልፍም ነበር።»

እውነቷን ነው። ገነት እያለች ቱታዬን ከቧንቧው ጋ ሳላወልቅ፣ ራሴን ሳልታጠብ ወደ ቤት አታስገባኝም ነበር። በክረምት እንኳ አትምረኝም። ለቤቷ ንጽሕና መስሎኝ አንዳንዴ እበሳጭ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ቁም የሚለኝ ስላልነበረ ከነቱታዬ እገባለሁ፣ ጣቢታም ከበር ላይ ተንደርድራ ሆዴ ላይ ትለጠፋለች። ሳሉ የጀመራት ያን ጊዜ ነው። እሁድ ደግሞ ሁላችንም ታጥበን ንጹሕ ልብስ ለብሰን ነው የምንሄደው። ገነት ታውቅ ነበር ወይስ መጥረግ ስለሰለቻት ብቻ ነው? ብጠይቃት ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆኜ ይህንን አስባለሁ።

ያን ማታ ስለ ጌዴዎን አነበብኩ። እግዚአብሔርን ሁለት ጊዜ ነው የፈተነው። አንዴ አውድማው ላይ ያኖረው የበግ ጠጉር ባዘቶ ብቻ በጤዛ እርጥብ እንዲሆን፣ አንዴ ባዘቶው ብቻ ደረቅ እንዲሆን ለመነ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የሁለተኛው ጥያቄ ትርጉም አይገባኝም ነበር፣ እምነት የጎደለው ሰው ልማድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ። ባዘቶ በተፈጥሮው ውኃ ይይዛል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ብቻውን ምንም አያስረዳም። ሰውየው ገበሬ ነበር፣ ነገር ያውቃል። እኔም ሁለት ጊዜ መጠየቅ ፈለግሁ። ግን የእኔ አንደኛው ወገን ልጄን ሆን ብሎ ማሳመም ነው። እሱን ጌታም የሚወደው አልመሰለኝም። ስለዚህ ግማሹን ብቻ ልሞክር ብዬ ወሰንኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱታዬን የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ሽንት ቤቱ ጀርባ መስቀል ጀመርኩ። ከሁሉ የከበደኝ ጣቢታ ስትሮጥ «ቆይ፣ አትንኪኝ» ማለት ነበር።

«ምን አደረግኩ?» አለችኝ።

«ምንም። ቱታው ነው።»

«ቱታው ምን አደረገ?»

«ገና እየጠየቅኩት ነው» አልኳት።

ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብዬ ራሴን ስታጠብ ራቅ ብላ ቁጭ ትልና «መለሰልህ?» ትለኛለች።

ለወንድሞችም ነገርኳቸው። አንዱ «ጸሎት በልብስ ተወስኖ ያውቃል?» አለ። ዳዊት ደግሞ «ሙሴ ጫማውን አውልቋል። እኛ ቱታ ብናወልቅ ምን እንሆናለን? ብርድ ነው የምንፈራው» ብሎ ገላገለኝ። ፋብሪካው መታጠቢያ ቤት ተጣጥበው፣ ሰርቪሱ አምልጧቸው፣ በእግራቸው መጡ። ሆን ብዬ ድምፃቸውን እንዲያነሱ ለመንኳቸው። አንተ በምትጸልይበት ድምፅ ጸለዩ ዘርሁን። ስሙ እንደዚያ ሲጠራ በቤቴ ሰምቼ አላውቅም፣ አዴ ጠጅቱ ከበር ላይ «ዋቃ ደንቆሮ ነው እንዴ?» እስክትል ድረስ። ጣቢታ እናንተ ስትጸልዩ እንደምታደርጉት እጇን ዳዊት ራስ ላይ ጭና ዓይኗን ጨፍና ቆመች። አንዴም አላሳላትም። ደጋግመን አየነው፣ ያው ነው።

የቀረው ግማሽ እኔ ሳልጠይቅ መጣ። አንድ ከሰዓት እኔ ቤት አልነበርኩም። ጣቢታ ከአዴ ጠጅቱ ጋር ውላ፣ አሮጊቷ እንጨት ልታነሳ ዞር ስትል፣ ያን ማዳበሪያ አውርዳ ቱታዬን ለበሰችው። በኋላ ስጠይቃት «ፋብሪካ ልሄድ ነበር» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አንተን አንተን ይሸታል» አለች። አዴ ጠጅቱ ስታገኛት እጅጌው እየተጎተተ ግድግዳውን ይዛ ቆማ አየር ስታጣ ነው። አዝላት ወደ አስፋልቱ ሮጠች፣ በዚያ ዕድሜዋ። እኔ ጤና ጣቢያ ስደርስ ጣቢታ አፍንጫዋ ላይ ጭምብል ተደርጎላት ተቀምጣለች፣ ጭኖቿ ላይ ነጭ ጥጥ አለ።

አዴ ጠጅቱ ግቢ ውስጥ ያን ቀን ማንም አልጸለየም ዘርሁን። ማንም ስም አልጠራም። አንዲት አሮጊት፣ አንዲት ልጅና አንድ ቱታ ብቻ ነበሩ።

ጤና መኮንኗን ያን ጊዜ ሳላፍር ሁሉንም ነገርኳት፣ ጸሎቱንም፣ ሰባቱንም፣ እሁዱንም። አልሳቀችብኝም። «መጀመሪያ የጠየቅኩህ ይህንን እኮ ነው» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወንበሯን ስባ አስረዳችኝ። የልጅቷ ሳንባ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ለአንዳንድ ነገር ይቆጣሉ፣ ሲቆጡ ያብጣሉ፣ አየሩ መግባቱን ቢገባ መውጫ ያጣል፣ ሲር ሲር የሚለው እሱ ነው። የአንዱ ልጅ ቧንቧ በድመት ይቆጣል፣ የአንዱ በአበባ ብናኝ፣ የአንዱ በአቧራ። ሱሉልታ ያሉ የዘመዶቿ ልጅ ድርቆሽ ሲታጨድ ነው የሚነሳበት አለችኝ። «ለምንድን ነው የእኔ ልጅ በጥጥ፣ የዳዊት ልጆች ደግሞ ጥጡ ላይ እየተንከባለሉ ምንም የማይሆኑት?» ብዬ ጠየቅኳት። «አንዳንዱ በዘር ነው፣ አንዳንዱን እኛም አናውቀውም» አለችኝ። አላውቅም ማለቷን ወደድኩላት። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችኝ። ድናለች አላለችም። ብርድ ሲመታትና ጭስ ሲነካት ሊመለስ ይችላል፣ ስታድግ ሊተዋትም ላይተዋትም ይችላል ብላኛለች። ይህን የምጽፍልህ አሁን ብትስል እንኳ «አየህ» እንዳትለኝ ነው።

ታዲያ ጸሎታችን የት ሄደ? ይህን ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩ አልነግርህም። መንገዱን የዘጋልን ጌታ ነው ልል ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። ሰው በሞተበት፣ የአዴ ጠጅቱ የወንድሟ ልጅ በታሰረበት ሳምንት ለእኔ ልጅ ትንፋሽ መጣ ብዬ ማመስገን ከበደኝ። ግን ደግሞ እናንተ በዚያ ጭስ መሃል በእግራችሁ ባትመጡ ኖሮ ልዩነቱን አላየውም ነበር። እናንተን ያመጣው ጸሎት ነው። ከዚህ በላይ መሄድ አልቻልኩም፣ እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። አንተ ከእኔ የበለጠ ቃሉን ታውቃለህና የታየህን ጻፍልኝ።

ለሽማግሌዎቹ ዳዊትን ይዤ ሄጄ ይህንኑ ተናገርኩ። ጋሽ ላምቤቦ እስከ መጨረሻው አዳምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ ኤልቃና፣ እኔ አምኜሃለሁ። ግን ቃሉ በጉባኤ የወጣው ከዘርሁን አፍ ነው፣ እሱም እዚህ የለም። እሱ በሌለበት እኛ ብንሽረው ሰውየውን ማዋረድ ነው፣ ወላጆችም በግማሽ ልብ ነው የሚቀበሉን። የተናገረው ሰው ራሱ ይመልሰው።» ስለ አንተ ክብር የተጨነቁትን ያህል ለልጄ ቢጨነቁላት ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን ትክክል ናቸው። እኔ አባት ነኝ፣ አባት ስለ ልጁ የሚለውን ማን ያምነዋል? አንተን ግን ያምኑሃል። ያን ቀን እያለቀስክ ስለተናገርክ ነው ሁሉም የሰማህ።

እንግዲህ የምለምንህ ይህ ነው። ጋሽ ላምቤቦ ጋ ደውልላቸው። ተሳስቼ ነበር በል አላልኩህም። ያየኸውን ንገራቸው፣ ጭንህ ላይ እንዴት እንደተኛች ንገራቸው፣ ያን ቀን ምን ለብሰህ እንደነበር ንገራቸው፣ ፋብሪካው በተከፈተ ቀን ምን ለብሰህ እንደነበርም ንገራቸው። ሌላውን እነሱ ራሳቸው ይደርሱበታል። አንብበህ ስትጨርስ ልብህ አሁንም እምቢ ካለህ ግን አትዋሽልኝ። ለልጄም ቢሆን በውሸት የተገኘ ወንበር አልፈልግላትም። በሚቀጥለው እሁድ እኔ ራሴ ከኋላ ወንበር አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር ካልገባም በጎን እቀመጣለሁ።

እኔም ከጥጥ መፍቻው ክፍል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲያዛውሩኝ ጠይቄያለሁ። ደመወዙ ያንሳል አሉኝ፣ ይነስ አልኳቸው። እስካሁን አልመለሱልኝም።

ይህን ስጽፍ ጣቢታ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ ለማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ላንተ መሆኑን ነገርኳት። ስለ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ስለ ቱታውና ስለ ብናኙ አልኳት። አንተ ተቆጥተህባት እንደሄድክ ነበር የሚመስላት፣ አሁን እንዳልሆነ አስረድቻታለሁ። አሰበችና «ጋሽ ዘርሁን ግን ከእኛ ሁሉ በላይ ብናኝ ውስጥ ነው የነበረው። የእሱን ደረት ማን አዳመጠለት?» አለችኝ።

እንደጠየቀችኝ ጻፍኩልህ። እዚያ ሐኪም ጋ ሄደህ ደረትህን ተዳምጠህ፣ ያሉህን ላክላት።

በጌታ ፍቅር የማይረሳህ ወንድምህ
ኤልቃና